የመጀመሪያ ዋጋ

የተጫዋቾች ወኪሉ በክለቦች ዘንድ የሚፈራው በአንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያ ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም። ዋጋ ሲጠራ ቦርሳውን ያነሳል፣ "ሌላም የሚፈልገን ክለብ አለ" ይልና ይወጣል። ደረጃው ጋ ሳይደርስ ጨምረው ይጠሩታል። ይህንኑም በየሆቴሉ አዳራሽ "የድርድር ጥበብ" እያለ ያሠለጥናል።

አጥቂው መልካሙ ሊያገባ ሲያስብ ታዲያ ከእሱ የተሻለ ሽማግሌ ከየት ያምጣ? ወኪሉ ነጭ ጋቢ ደርቦ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ ሁለት አዛውንት አስከትሎ እሑድ ጠዋት መልካሙ ወደሚወዳት ወደ ወይንሸት አባት ቤት ሄደ። እንደ ወጉ ቆመው ልጅቷን ለመልካሙ ጠየቁ።

"ሽማግሌ ማመላለስ ድሮ ቀረ" አሉ አባትየው ፈገግ ብለው። "ልጆቹ ከተዋደዱ እኛ ምን እንላለን? ሰጥተናል። በሉ ተቀመጡ።"

አዛውንቶቹ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ወኪሉ ቦርሳውን አነሳ።

"የመጨረሻ ቃልዎ ነው?"

"ምን አሉ?"

"ሌላም የሚፈልገን ቤት አለ" ብሎ ወጣ።

በረንዳው ላይ እርምጃውን ቀነስ አደረገ። ግቢው መሃል ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ክሩን አሰረ። የጠራው የለም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሲጠብቅ ሁለቱ አዛውንት አቀርቅረው ወጡ፤ የብረት በሩም ከኋላቸው ተቀረቀረ።

ስልኩ ጮኸ። መልካሙ ነው።

"ጋሼ፣ እሺ አሉ?"

ወኪሉ የተዘጋውን በር አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እሺስ ብለው ነበር። አንተ ብቻ አትቸኩል፤ ሊጨምሩ ነው።"