የቅርብ ዘመድ አለዎት?

«የፈጠራ ሰው ስም ያስገቡ አልኩዎት እኮ፣ እማማ! የራስዎን አይደለም።»

«ሐሰት መሙላት አልወድም» ይላሉ አማቴ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አንጠልጥለው፣ መታወቂያቸውን ከፊታቸው አስደግፈው፣ ፊደሎቹን በአንዲት ጣት እየለቀሙ ይጫናሉ። የፈለጓትን ባገኙ ቁጥር «አገኘሁሽ!» ይሏታል።

ከተማው አቅም ለሌላቸው ነዋሪዎች በትንሽ ኪራይ የሚሰጣቸው ቤቶች አሉ። የማመልከቻውን ፕሮግራም የምሠራው እኔ፣ የቤቶቹ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ነገ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። እስካሁን የሞከሩት የቢሮ ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነውም ይሞሉታል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ፈለግሁ። ከአማቴ የተሻለ ከየት ይመጣል? ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ወጣ ብላለች፣ ቤቱ እንደ ዛሬ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ስክሪኑ አሁን የት እንደሚኖሩ ይጠይቃቸዋል። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ያነቡና «ዘመድ ቤት ተጠግቼ» የሚለውን ይጫናሉ።

«ተጠግቼ? ኧረ እማማ፣ እንዲህ ይባላል?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

የሚተኙት ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ነው። ልጃችን ስትወለድ ሊያግዙን መጥተው በዚያው ቀሩ። እኛም ይሂዱልን ብለን አናውቅም። ጓደኞቼ ስለ አማቶቻቸው ሲያማርሩ እኔ ዝም እላለሁ፤ እናቴን ገና በልጅነቴ ስላጣሁ፣ «ልጄ» የሚለኝ ሰው ያገኘሁት ከትዳሬ ጋር ነው።

ሲሞሉ አያቸዋለሁ። የመታወቂያ ቁጥራቸውን ሁለት ጊዜ አመሳከሩ። ስልካቸውን ሲጽፉ ትንፋሻቸውን ያዙ። ያኔ ነው የገባኝ። እየሞከሩልኝ አይደለም፤ ቤት እየጠየቁ ነው።

«እማማ» እላለሁ። «ምን አጎደልንብዎ?»

ጣታቸው አየር ላይ ይቆማል። ወደ እኔ ዞረው ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉኛል።

«ምን ታጎድሉብኛላችሁ፣ የኔ ጌታ! የራሴን በር ዘግቼ መተኛት አማረኝ። ራዲዮኔን ጮክ አድርጌ መስማት። ያንተን ማንኮራፋት ሳልሰማ ማደር።» ይስቃሉ። «ደግሞ እናንተ እንግዳ ሆናችሁ ስትመጡብኝ፣ ሻይ ጥጄ በመስኮት ባያችሁ። ሁልጊዜ አብሬያችሁ ሆኜ፣ አንድ ቀን እንኳ ናፍቃችሁኝ አታውቁም።»

እሰጥዎታለሁ፣ ሦስት ቤት እሰጥዎታለሁ ማለት ያምረኛል። ወዲያው ግን ቀጣዩ ጥያቄ ትዝ ይለኝና ክው እላለሁ።

«በጽሕፈት ቤቱ የሚሠራ የቅርብ ዘመድ አለዎት?» ብለው ያነባሉ።

ይህችን ጥያቄ ያመጣኋት እኔው ነኝ። በፊት ቤቶቹ በዘመድ በዘመድ እያለቁ ሕዝቡ ተማርሮ ነበር። የሠራተኛ ዘመድ በመጀመሪያው ዙር አያመልክት ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

«አዎ ያልኩ እንደሆነስ?»

«ያስወጣዎታል።»

«የለኝም ካልኩስ?»

«ያልፋል። የእርስዎ ስም ከእኔ ስም ጋር አይገናኝ፣ ማንም አያውቅም።» እጄ ሳላዘው ወደ ማውዙ ይሄዳል።

ጥፊ ይቀምሳል፤ እጄን ማለቴ ነው።

«አንሳ! አንተን ‹የለኝም› ብዬ በገዛ እጄ ልሙላ? ይሄን ሁሉ ዘመን ልጄ ስልህ ኖሬ? በየትኛው ዓይኔ ነው በር ከፍቼ የማስገባህ?»

«አዎ» የሚለውን ፈልገው፣ ተጭነው ይለቁታል። ስክሪኑ ላይ በቀይ፦ ይቅርታ። ማመልከት አይችሉም።

ቀና ብዬ ላያቸው አልደፍርም። «ደንቡን አስቀይረዋለሁ። ነገ ለኮሚቴው እነግራቸዋለሁ» እላለሁ።

«ዛሬ አማትህ ከበር ስለተመለሰች? ተው፣ እንዳታዋርደኝ።»

እሳቸው ቀዩን ጽሑፍ ማየት አልተዉም።

«ይሄን ደግሞ ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው እንዲህ ነው የሚመለሰው? ውሻ ነው እንዴ የምታባርረው?»

«አጭር እንዲሆን ብዬ ነው።»

«አጭር! ወይ አንተ ልጅ። በል ክፈተው፣ እኔ ልንገርህ አንተ ጻፍ።» ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። «ወገኔ በል። ምንም ጥፋት የለብዎትም። በዚህ ዙር ያልመዘገብንዎት ዘመድዎ እኛ ጋ ስለሚሠራ ብቻ ነው። ቤት አያስፈልግዎትም ማለታችን አይደለም።» ወደ እኔ ዞር ይሉና «ቀጥሎ ይከፈትላቸዋል?» ይሉኛል።

«በሚቀጥለው ዙር ዕጣውን የሚያወጡት የውጭ ሰዎች ናቸው። ያኔ ለሁሉም ይከፈታል።»

«ቁርጡን ንገረኝ። እውነት ካልሆነ እንዳትጽፈው።»

«እውነት ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጻፍ። በሚቀጥለው ዙር ይምጡ፤ እንጠብቅዎታለን።»

እጽፋለሁ። ፊደሎቹ ዓይኔ ላይ ይደባለቁብኛል፤ ሁለቴ ሰርዤ እንደገና እመታቸዋለሁ። ቀዩን ቀለም ሳልጠየቅ አጠፋዋለሁ።

«አሁን እስቲ መልሰኝ» ይላሉ። ወደ ጥያቄው እመልሳቸዋለሁ። «አዎ» የሚለውን እንደገና ይጫናሉ። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ያነቡታል፤ ማን እንደጻፈው እንደማያውቅ ሰው።

«እሺ» ይሉታል ስክሪኑን፣ በትሕትና። «እመጣለሁ።»