ባለቤቱ ሳይቀምስ
ኑሪት ባለፈው ሰኔ የራሷን የጉብኝት ሥራ ጀመረች፤ የመጀመሪያዎቹ መንገደኞቿም በእስራኤል የሬሖቦት ከተማ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን አረጋውያን ነበሩ። ሦስት ቀን ወይንና አይብ ሊቀምሱ ወጥተው፣ በመጀመሪያው የወይን እርሻ ግን ማንም ብርጭቆውን አልነካም። ባለእርሻው ሳጊ ለአረጋውያኑ መሪ ለቄስ ገዳሙ ጥቂት ቀድቶ እስኪቀምሱ ጠበቀ፤ እሳቸውም እሱን ጠበቁ። ኑሪት አውቶቡሱ ከዚሁ ይመለስ ይሆን ብላ ሠጋች።

«ምን ቢጨምርበት ነው ራሱ የማይቀምሰው?» አሉ ከአረጋውያኑ አንዷ እማማ ሸጌ።

ያን ጊዜ ነገሩ ለኑሪት ገባት፤ አስተናጋጅ ሳይቀምስ እንግዳ እንደማይጠጣ ለሳጊ በዕብራይስጥ ነገረችው፤ መዳፏንም አጎድጉዳ አሳየችው።

«ቤሰደር!» አለ ሳጊ፤ እሺ ማለቱ ነው። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ሲለው ሴቶቹ እልል አሉ። ቄስ ገዳሙ ባርከው ጠጡና ብርጭቆውን ባዶውን መለሱ።

«ያላ፣ በሉ እንግዲህ፣ ነገም እንቀጥላለን» አሉ።