ሦስት መቶ ሃያ ካሎሪ

በዚያ የኖርዌይ የባሕር ዳር መንደር የሴቶች ማኅበሩን ሰንደቅ የሚይዝ ሰው በድምፅ አይመረጥም። የሚመርጠው ልብሱ ነው። ማኅበሩ ከሰማንያ ዓመት በፊት ያሰፋው አንድ የአገር ልብስ አለ፤ ስፌቱ ተፈትቶ አያውቅም። በግንቦቱ በዓል ሰልፍ ፊት የምትሄደው፣ ስድስቱ የብር ቁልፎች ደረቷ ላይ የገጠሙላት ሴት ናት።

ለጉድሩን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ገጥመዋል። ባለፈው ዓመት ሁለቱ እምቢ አሉ። ሰንደቁ ወደ ጎረቤቷ ወደ ራግና ሄደ፤ ባሏን ቀብራ እንደ ልጃገረድ ወደምትሽኮረመመው ሴት።

«ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው እኮ!» አለች ጉድሩን ለባሏ ለሃልቫር። «ያንን ወገብ እስከ ዛሬ የት አስቀምጣው ኖሯል? በረዶ ውስጥ?»

ሃልቫር ጋዜጣውን ከፊቱ አላወረደም። «እኔ በምን አውቄ? የሰው ወገብ ስለካ አልውል።»

ሃልቫር ታዛዥ ሰው ነው። ስኳር ተገኝቶበት ነርሷ «ተራመድ» ካለችው ወዲህ፣ ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲል ኮፍያውን ደፍቶ ይወጣል። ቤትም ቢሆን እንደ ወፍ ለቀም ለቀም አድርጎ ይነሣል። በዚህ በኩል ጉድሩን ሐሳብ የላትም።

የራግናን ምስጢር ያገኘችው በጥር ነው። ሱቁ የየቤቱን የሳምንት አስቤዛ ስም በተጻፈበት ሣጥን አድርጎ፣ ከዳገቱ ሥር የፖስታ ሣጥኖቹ አጠገብ ያስቀምጣል። በራግና ሣጥን ውስጥ አምስት ያለቀለት የሜክሲኮ ምግብ ተደርድሯል፤ የተፈጨ ሥጋ፣ ቀይ ቦሎቄ፣ በቆሎና አይብ ተደራርቦ የተጋገረ፣ አሙቆ መብላት ብቻ። ሳህኑን እንደ ቀሚስ የሸፈነው ካርቶን ሰማያዊ ነው፤ «ቀላሉ» ይላል። ጉድሩን መነጽሯን አድርጋ ጀርባውን አነበበች። በአንድ ሳህን 320 ካሎሪ። ስብ፣ ስምንት ግራም።

«አሃ!» አለች። «ወገቧ ይኸውና!»

ሱቁ ቀይ ቀሚስ የለበሰውንም ይሸጣል፤ አይቡ እጥፍ፣ ክሬሙ የተትረፈረፈ። 810 ካሎሪ። ስብ፣ አርባ ስድስት። ሳህኑ አንድ ነው፣ ላዩን የሸፈነው ላስቲክም አንድ ነው። ልዩነቱ ቀሚሱ ብቻ። ቀሚስ ደግሞ ይወልቃል።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ማለዳ ጉድሩን ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድማ ትወርዳለች። ከሱቅ የገዛቻቸውን ቀዮች ሰማያዊ አልብሳ ራግና ሣጥን ውስጥ ትተካለች፤ የራግናን ይዛ ትመለሳለች። ምግብ መጣል ነውር ነው። ስለዚህ ሃልቫር እስኪወጣ ጠብቃ ራሷ ትበላዋለች። እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን ይላታል። ግን ቅናት የማያስውጠው ነገር የለም።

በመጋቢት ከራግና ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ።

«ያንን የሜክሲኮ ምግብ ታዘወትሪያለሽ መሰል» አለች ጉድሩን። «ሣጥንሽ ውስጥ አይቼ ነው።»

«ዘንድሮ አጣጣሙን አሳምረውታል ይባላል» ብላ ራግና ሳቀች። ጉንጯ ቀላ።

«ታዲያ አትሳሺ፣ ቀላል ነው አሉ!»

ጉድሩን የብር ቁልፍ ከደረት ላይ ተፈናጥሮ ግድግዳ ሲመታ ታያት።

ራግና ግን ወይ ፍንክች! በሚያዝያ ዳገቱን እንደ ፍየል ስትወጣው ጉድሩን ከመስኮቷ ሆና አየች፤ አንጀቷ አረረ። በቀን ስምንት መቶ ዐሥር ካሎሪ ወዴት እየገባ ነው? ከዚያች ሴት ወገብ በቀር ዓይኗ ሌላ ነገር ማየት ካቆመ ቆይቷል።

«ይቺ ሴትዮ ሆዷ ቀዳዳ ነው!»

«ተያት በቃ፣ አንቺ ደግሞ» አለ ሃልቫር። ቀበቶውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጫፉ አካባቢ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር ይበሳ ነበር።

የልብሱ መለኪያ ቀን ደረሰ። ሊቀመንበሯ ቦርግሂል ቁልፎቹን ራሷ ትገጥማለች፤ ሌላ ሰው አታምንም። መጀመሪያ ራግና ገባች። ስድስቱም ገጠሙ፤ ጭራሽ ጣት ያስገባል። ጉድሩን ፊቷ በርበሬ መሰለ። ተራዋ ሲደርስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስተኛው ቀጭ አለ።

«ጉድ እኮ ነው!» አለች ቦርግሂል። «ለሁለታችሁም ልክ ሆነ። ምን ይሻላል?»

«ለጉድሩን ይሁን» አለች ራግና ፀጉሯን እያስተካከለች። «የእሷን ሁሉ እኔ ልውሰድ እንዴ?»

ጉድሩን ምጽዋት አትወድም። ይህንን ግን ወሰደች። ወደ ቤቷ ስትመለስ መሬት የረገጠች አይመስልም ነበር። ጎረቤቶቿን በየደጁ እየቆመች ሰላም አለች፤ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

በማግስቱ ሃልቫር የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ነበረው። ደስ ብሏት ስለነበር አብራው ሄደች። ነርሷ ቱሪድ ሚዛን ላይ አወጣችው፣ አወረደችው፣ እንደገና አወጣችው። ሱሪውን ሊታጠቅ ከመጋረጃው ጀርባ ሲሄድ ወንበሯን ወደ ጉድሩን አስጠጋች።

«እትዬ ጉድሩን፣ ዘጠኝ ኪሎ ጨምሯል። እኔ ግራ ገባኝ። የሚበላውን በሙሉ እንዲጽፍልኝ ደብተር ሰጥቼው ነበር፤ አንድ ቀን አላጎደለም፣ ታማኝ ሰው ነው።» ደብተሩን ገልጣ በጣቷ አሳየቻት። «ይኸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ተኩል፣ የሜክሲኮ ምግብ፣ ሰማያዊው፣ 320 ካሎሪ። እርግጠኛ ነዎት፣ የሚያቀርቡለት ሰማያዊውን ነው?»