ለኩባ ብርድ የሚሆን ቡልኮ

ሰኔ 3 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጅቷ ሲቀላ በተባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ደጃፍ ቆማ አባቷ ሲሸምኑ ትመለከት ነበር። ኩባ ተምሮ የተመለሰው መምህሯ፣ መንግሥት በመለወጡ በዚያ አገር ሕክምና የምትማርበት ዕድል መሰረዙን ገና አሁን ነግሯታል። ሌላ የሚላት ቢያጣ፣ ያሰቡት ሲከሽፍ የሚነገረውን የስፓኒሽ ግስ አስተማራት፤ እርሷም «ጉዞዬ ከሸፈ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንድም ሳትሳሳት፣ እንባም ሳይመጣላት አጠናችው።

አባቷ የሚሸምኑት ለጉዞዋ የሚሆን ወፍራም ቡልኮ ነበር። የብርዳሙ የዶርዜ ተራራ ሰው ስለሆኑ ሩቅ አገር ሁሉ ብርዳም ይመስላቸዋል፤ ኩባ ሞቃት እንደሆነች ብትነግራቸውም፣ «ቀኑን አይተው ነው እንጂ ሌሊቱን ማን አይቶት!» ብለው ስቀውባታል።

«መጣሽ፣ ዶክተሬ? ነገ ያልቃል» አሏት። «በይ፣ የዛሬውን ኩባኛ አሰሚኝ።»

የቡልኮውን ጠርዝ በሁለት ጣቶቿ ያዘች። እጇ ላይ ጨርቅ መኖሩ እንኳ አልተሰማትም። «ሴ ፍሩስትሮ ሚ ቪያሄ» አለች፤ ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ስትመልስ እንደሚሆነው የጠራ ነበር።

የአባቷ ፊት በኩራት በራ። «ሲያምር! ለጎረቤት እንድነግር፣ እስቲ በእኛ ቋንቋ በይልኝ» አሉና የክሩን መወርወሪያ አቁመው ጠበቋት።