ቀዩ ማብሪያ

«ካንዴላው ተዘግቷል፣ ጋሼ?» አለ ጂሎ፣ ፕሮፔለሩን በቀኝ እጁ እንደያዘ።

ፍቅሩ ጎንበስ ብሎ የአውሮፕላኑን ሆድ አየ። ቀዩ ማብሪያ ወደ ታች ነው።

«ዝግ ነው። አዙር።»

አራት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ፣ ከነገሌ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ሜዳ ላይ እንዲህ ሲባባሉ ኖረዋል። ፍቅሩ በጦር ካምፑ ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ ጂሎ የክሊኒክ ነርስ። ክንፉ ሁለት ሜትር የሚያልፈውን ይህን ያለ አብራሪ የሚበር አውሮፕላን፣ ከዛፍ መቁረጫ መጋዝ በተፈታ የቤንዚን ሞተር አብረው ነው የሠሩት። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ከመሬት የሚላክለትን ትእዛዝ የሚቀበለውን ሬዲዮ ያበራል፤ ሌላው ለሞተሩ ካንዴላ እሳት ይሰጣል። ለየብቻ ማብሪያ፣ ለካንዴላው ቀዩን፣ ያበጀላቸው ራሱ ፍቅሩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን የካንዴላውን ባትሪ በሙቀት አብጦ አገኘው። የእርዳታ ድርጅት ሰዎች፣ አውሮፕላኑ ከሰማይ ሆኖ ግጦሽና ውሃ መፈለግ ይችል እንደሆነ ሊያዩ ከያቤሎ እየመጡ ነው። የጂሎ አባት እንኳ ከከብቶቻቸው ግማሹ በዘንድሮው ድርቅ አልቆባቸዋል። ፍቅሩ የካንዴላውን ሽቦ ከሬዲዮው ባትሪ ጋር ጠምዝዞ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ቀዩ ማብሪያ የሚዘጋው ነገር አልነበረም፤ ሬዲዮው ሲበራ ካንዴላውም አብሮ ይበራል። ጂሎ ሲመጣም አልነገረው።

ጂሎ ቤንዚኑ እንዲሳብ ፕሮፔለሩን አንዴ አዞረ፤ ደገመ። ፍቅሩ እጁ እንደለመደው የጭራውን እንቅስቃሴ ለማየት ሬዲዮውን አበራ።

ጂሎ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዞር ሞተሩ ተነስቶ ጮኸ።

ፍቅሩ ደንግጦ ሬዲዮውን ሲያጠፋ ሞተሩም አብሮ ጠፋ። ጂሎ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፏል፤ ሸሚዙ በደም ርሷል። «ያ ዋቃ» አለ በቀስታ፣ አምላኩን ጠርቶ። አመልካች ጣቱና ከጎኑ ያለው ጣት ከሥራቸው ተቆርጠዋል።

«ፎጣዎን ይስጡኝ» አለ። ከዚያ ሌላ በሽተኛ የሚያክም ይመስል፣ «በኃይል ይጫኑት፣ ጋሼ። አይፍሩ። አሁን ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። እጄን ወደ ላይ ይያዙልኝ» አለው።

ሜዳው ዳር ይጠብቃቸው የነበረው የባጃጅ ሹፌር ዩኑስ ባጃጁን አስነሳ። ፍቅሩ ከኋላ ከጂሎ ጎን ተቀምጦ የታሰረውን እጅ ከፍ አድርጎ ያዘ። ደሙ ፎጣውን አልፎ ወደ ክንዱ ይወርዳል።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ ጂሎ፣ ከንፈሩ ነጥቶ። «በኃይል አዞርኩት መሰለኝ። ሰዎቹ ሲመጡ እንደዚያ ይበሏቸው። በእኔ ምክንያት አውሮፕላኑን እንዳይጠሉት።»

የነገሌ ቆርቆሮ ጣሪያዎች መታየት ጀመሩ።

«ሽቦውን አገናኝቼው ነበር» አለ ፍቅሩ በመጨረሻ። «ካንዴላውን ከሬዲዮው ባትሪ ጋር። ቀዩ ማብሪያ አይሠራም ነበር።»

«ረስተው ነው?»

አዎ ማለት ይችል ነበር።

«አልረሳሁም። ብነግርህ ዛሬ አናበርርም ትለኝ ነበር።»

ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ዘለለ። ጂሎ ግራ እጁን አንስቶ የፍቅሩን ጣቶች አንድ በአንድ ከላዩ አላቀቀ፤ የታሰረውን እጁን ራሱ ከፍ አድርጎ ያዘና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።