የሞላልኝ አጽም

ሚስተር ሃርግሪቭ ወሬ አያልቅበትም። እንግሊዞች ኬንያን በሚገዙበት ዘመን ወጣትነቱን እዚያ ጨርሷል፤ ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ በግመል ያላቋረጠው በረሃ የለም። አማርኛም ድንበር ላይ ለምዷል። አሁን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1995፣ ካናዳ ካልጋሪ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ በወሬ አንበሳ ይገድላል።

የምትንከባከበው ጥሩወርቅ እያጠበችውና እያበላችው ትሰማለች። ሥራ የጀመረች ዕለት ደረቷ ላይ «ጥሩወርቅ ሞላልኝ» የሚለውን ባጅ ደጋግሞ አንብቦ ሻዩን ሳይጠጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ይሸሻል።

አንድ ቀን ወሬው ሰሜን ኬንያ፣ ቻልቢ በረሃ ደረሰ።

«መንገድ መሪዬ የሜጋ ሰው ነበር» አለና ድንገት አቋረጠ። «ቲቪውን ክፈቺልኝ።»

የጥሩወርቅ እጅ ሳሙናው ላይ ቀረ። አባቷ በኢትዮጵያ በኩል ድንበሩ አጠገብ ካለችው ሜጋ ተነሥቶ አንድ እንግሊዝ እየመራ ቻልቢ ገብቶ አልተመለሰም። እንግሊዙ «አንበሳ በላው» ብሎ ኮቱን በነጋዴ እጅ ላከ። አስከሬን የለምና አገሩ ሁሉ ኮቱን ዘርግቶ አለቀሰ። እናቷ ፈትለወርቅ ገና በወጣትነቷ ጥቁር ለበሰች፤ ሌላ ባል ሳታገባ፣ ጥቁሯን ሳታወልቅ ሞተች። ለጥሩወርቅ የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ የአባቷን አጽም ከእናቷ ጎን ማሳረፍ።

ኮቱ ግን አልተቀደደም፤ የደም ጠብታም የለበትም። እንዲያውም ታጥቦ ነው የመጣው። አንበሳ ልብስ አስወልቆ አይበላም።

በማግስቱ የሥራ ሰዓቷ ሊያልቅ ሲል ቲቪውን አጠፋችው።

«የመንገድ መሪዎ ስም ማን ነበር?»

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሞላልኝ ነው፤ አባቴ! ውሃውን ይዘህ በረሃ ላይ ጣልከው? ወይስ በጥይት ገደልከው?» አንቱታው የት እንደገባ እሷም አላወቀች።

«አልገደልኩትም።»

«ታዲያ ለምን ትሸሸኛለህ? ፖሊስ አልጠራም፤ ክስ አልፈልግም። አጽሙ የት እንዳለ ብቻ ንገረኝ!» እንባዋ ወረደ።

ሃርግሪቭ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እንዳልናገር አስምሎኛል» አለ።

«ማን?»

«‹ሞቷል በላቸው› ያለኝ ራሱ ሞላልኝ ነው። ትናንት ከናይሮቢ ደውሎልኝ ነበር፤ የመጨረሻ ልጁን ሊድር ነው።»