ግማሽ ሻማ

ሁለት የእስያ አገሮች በባትሪ ገበያ ከተጣሉ ወዲህ፣ እዚህ ቢሾፍቱ ለጎረቤት የመብራት ገመድ ከመቀጠላችን በፊት በገመዱ የሚሠራው ዕቃ የየት አገር እንደሆነ እናያለን። እኔ የምሠራበት ፋብሪካ የአንደኛው አገር ነው፤ ለሠራተኞቹ የቤት ባትሪ ያድላል። ባትሪው የተፎካካሪውን አገር ዕቃ ካስነሳ ግን ፋብሪካው ወዲያው ያውቃል፤ ሠራተኛው በማግስቱ ይባረራል።

ሲመሽ እትዬ የሺመቤት በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«ብርነሽ፣ ባትሪዬ ሞተብኝ። ጫጩቶቹ ሊወጡ ሁለት ቀን ነው የቀራቸው። መፈልፈያው ከቀዘቀዘ እንቁላሉ ሁሉ አለቀለት። እስከ ነገ ገመድ ቀጥዪልኝ፣ ልጄ።»

መፈልፈያው የየት አገር እንደሆነ እሳቸው አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ የተፎካካሪው አገር ነው።

ባሌ ከሞተ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ልጆቼ ያጠኑት ከእሳቸው ቤት በተቀጠለ አምፖል ነው። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብንም። እንዲህ ያሉትን ሰው «እንጀራዬ ይበልጥብኛል» እንዴት ልበላቸው? እውነቱን መናገር አፈርኩ።

«የእኛም ጠፍቷል፣ እትዬ» አልኳቸው።

ሮጬ ገብቼ መብራቱን በሙሉ አጠፋሁ። ትንሿ ልጄ ደብተሯ ላይ እንደተደፋች «እማዬ፣ ለምን ታጠፊዋለሽ?» ስትለኝ አፏን በእጄ ያዝኩት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሺመቤት ግማሽ ሻማ ይዘው ቆመዋል።

«ያለኝ አንድ ነበር፣ ለሁለት ቆረጥኩት» አሉኝ። «ግማሹን መፈልፈያው ውስጥ ለኮስኩት፤ ይኼ ደግሞ ልጆቹ ያጥኑበት።»

ሻማውን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።